የመጀመሪያ መልኩ የቱ ነው?

እኔ የማስተምረው እስር ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስል አዲስ ሰው ሁሉ ክው ይላል። ልጆቼ ግን የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ትልቁ ወንጀላቸው ጠመኔ መስረቅ ነው። እስር ቤት የነበረው ቤቱ ነው።

ቅኝ ገዢዎቹ ሲሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ፣ ባለ ሃያ ስድስት ክፍል የድንጋይ ግንብ አድርገው ነው፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከጣሪያው ሥር ስንዝር የማትሞላ ቀዳዳ ተዉለት። ብርሃን ይግባ ብለው አይደለም፤ የታሰረው ሰው ታፍኖ ሞተ እንዳይባል ነው። ከውጭ በኖራ ለስነው ቢጫ ቀለም ቀቡት። ከሩቅ ሲያዩት የባቡር ጣቢያ ይመስል ነበር ይባላል።

እነሱ ሲሄዱ የኛዎቹ መጡ። ባንዲራውን ቀየሩ፤ ቁልፉን ግን አልቀየሩም። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የታሰረው በነዚህ በኛዎቹ ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓመት። በምን እንደተከሰሰ የነገረው ሰው የለም። ከወጣ በኋላ በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም ነበር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ካፖርቱን ደርቦ ይቀመጥ ነበር እንጂ አይዘጋም። እኛ የቤቱ ልጆች እየተንቀጠቀጥን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ ማንም «ዝጋው» ብሎት አያውቅም።

ያ መንግሥትም ወደቀና ቤቱ የዱቄት መጋዘን ሆነ። አይጡም በላ፣ እርጥበቱም በላ። ትምህርት ቤት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያደረገውም መንግሥት አይደለም። የሰፈሩ ልጆች የሚማሩት በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነበር፤ አንድ ዝናብ የበዛበት ጊዜ ነፋስ ዳሱን ይዞት ሄደ። እናቶቹ ልጆቻቸውንና ጥቁር ሰሌዳውን ይዘው መጥተው መጋዘኑ ደጅ ላይ ተቀመጡ። የመጋዘኑ ጠባቂ ሦስት ቀን «ተነሡ፣ ሂዱ» ሲል ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን በሩን ራሱ ከፈተላቸው። የእሱም ልጅ ከመሃላቸው ነበረችና።

ያኔ ነው አያቴ መሣሪያውን ይዞ የመጣው። አያቴ ግንበኛ ነበር። ልጆቹ ገብተው ሲቀመጡ ሰሌዳው እንደማይታያቸው አየ፤ በማግስቱ አጎቴንና አክስቴን አስከትሎ መጥቶ ግድግዳውን ይሰብር ጀመር። የመጀመሪያዋን መዶሻ ያነሳው አጎቴ ነው። ታስሮበት የነበረውን ክፍል መርጦ፣ «እዚህ ጋ» አለ አሉ። ሃያ ስድስት ክፍል፣ ሃያ ስድስት ሰፋፊ መስኮት። መሃል ላይ ከከተማው አስተዳደር አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣

«ፈቃድ አለህ?» ቢለው፣

«የለኝም፤ ሦስት መስኮት ብቻ ነው የቀረኝ። ስጨርስ ብቅ በል» አለው አያቴ። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ፤ ነገሩ የእሷ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። በዚህ ከተማ ድንጋይን በኖራ ማያያዝ የሚያውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች፤ ሌላው ሁሉ ሲሚንቶና ብሎኬት ነው። መዳፏ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፤ ስታጨብጥ እንጨት ከእንጨት የተጋጨ ይመስላል። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «ግድግዳ ማቃናት ለምጄ፣ ቢጣመም አፍርሼ የማልሠራው ነገር አናደደኝ» ትላለች።

ደብዳቤው የመጣው በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ሰኞ ቀን ነው። ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ነው፤ ግን ጥላውንም ይፈራል። ተማሪም መምህርም በስተጀርባው «ቀስ በሉ» እያልን ነው የምንጠራው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ እሱ ስለሆነ። በዕረፍት ሰዓት ሰብስቦን ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበልን። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል። «ወደ መጀመሪያ መልኩ ተመልሶ» በአንድ ኩባንያ አማካይነት ሆቴል ይሆናል። ትምህርት ቤቱ በሁለት ወር ውስጥ ለቆ ከትልቁ መንገድ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀላል።

«ከትልቁ መንገድ ማዶ?» አልኩት። «የኔ ልጆች የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው እኮ! ያንን መንገድ እኔም ስሻገር ነፍሴ በእጄ ነው።»

«ቀስ በይ» አለኝ፤ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በዚያው ሳምንት የኩባንያው ሰው አክስቴን ፈልጎ መጣ። ዳቦና ሻይ ይዤላት ሄጄ ስለነበር ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ የመኖሪያ ቤት አጥር እየገነባች ነበር፤ የግድግዳ ማቃኛ ቱንቢዋን በገመድ ቁልቁል ጥላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። ሰውየው ወጣት፣ ትሑት፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ነጭ ጫማ ያደረገ ነው። ኖራ በተለወሰበት ቦታ ነጭ ጫማ አድርጎ መምጣት ለአክስቴ ትልቅ ቀልድ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ነጭ ጫማ» ሆኖ ቀረ።

«ማዘር፣ እንደምን ዋሉ?» አላት።

«ደህና። የወለድኩህ ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም» አለች ዓይኗን ከቱንቢው ሳታነሳ።

ሳቀ። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቶ ሥዕሉን አሳያት። እንግዶች ክፍሎቹ ውስጥ ያድራሉ፤ አልጋው ምቹ ይሆናል፤ በሩ ግን የጥንቱ የብረት በር ነው። በኋላ የተከፈቱት መስኮቶች በሙሉ ተደፍነው የጥንቶቹ ቀዳዳዎች ብቻ ይቀራሉ። በኖራ የሚሠራ ባለሙያ ስለጠፋ ሥራውን ለእሷ ሊሰጣት ይፈልጋል።

«ሰው እስር ቤት ውስጥ ለማደር ብሎ ከአገሩ ይመጣል?» አለችው።

«በጣም ይወዱታል እንጂ! ታሪኩን ለመቅመስ ያህል ነው፤ ለአንድ ሁለት ሌሊት።»

«ወንድሜ ሁለት ዓመት ቀምሶታል። አልጣፈጠውም።»

ነጭ ጫማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ። ግን ቶሎ ተመለሰ፤ «ይህንንም ግድግዳ ላይ ጽፈን እንሰቅለዋለን፤ የሚገባው ክብር ይሰጠዋል» አለ።

አክስቴ ያኔ ቱንቢዋን ለቃ ዞረች። «ስማኝ የኔ ልጅ። አባቴ የከፈተውን መስኮት በእጄ አልደፍንም። ሌላ ግንበኛም ብታመጣ የሚደፍነው እኔን አልፎ ነው። አሁን ከኖራው ራቅ በል፤ ጫማህን ይበላብሃል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሕዝብ ውይይት ተብሎ በአስተዳደሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ውይይት ይበሉት እንጂ ከመድረኩ ተነገረን፣ እኛ ሰማን። ነጭ ጫማ የድሮ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ አበራ፤ ቢጫው ቤት፣ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች፣ አንድ ባለ ባርኔጣ ፈረንጅ ወገቡን ይዞ። «ይህ ነው የመጀመሪያ መልኩ» አለ።

አክስቴ እጇን አወጣች። ሲያልፏት ዝም ብላ ቆመች።

«የመጀመሪያ መልኩ የቱ ነው?»

«አሁን አሳየሁ እኮ፣ እናቴ።»

«እሱ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የኛ ቤት ነበር። አባቴ በአሥራ አራት ዓመቱ ያንን ግንብ በግዳጅ ሠርቷል። ድንጋዩን ከየት እንዳመጡት ነግሮኛል። ኮረብታው ላይ የነበረውን ሰፈር አፍርሰው ነው። ወለሉን፣ የበሩን ደፍ፣ ምድጃውን ሳይቀር። ልስን የለሰኑበትም ለውበት አይመስልህ። የሰው ቤት መሆኑ እንዳይታይ ነው።»

ከመድረኩ አንዱ ባለሥልጣን፣ «ማስረጃ አለሽ?» አላት።

«አባቴ ነግሮኛል።»

«አባትሽ የት አሉ?»

«ሞቷል።»

«እንግዲህ፣ እህቴ፣ የሞተ ሰው ወሬ ለቃለ ጉባኤ አይሆንም» አለና ፈገግ አለ። ጥቂት ሰዎች አብረውት ሳቁ። ፊቴ ተቃጠለ። እሷ ግን ቁጭ አለች፤ አልተቆጣችም፤ መዳፏን ገልብጣ ማየት ጀመረች። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። እኔ ግን ያን ዕለት ልብ አላልኩትም፤ የተሸነፈች መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የእንጨት መወጣጫ ተከለች። ተደብቃ አይደለም። የሥራ ካፖርቷን ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ መሮዎቿን ከትንሽ እስከ ትልቅ ደርድራ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቀስ እያለች አንኳኳች፤ ልስኑ ከድንጋዩ የለቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁን ያገኘችበት ላይ መሮውን አጋድማ አንድ ጊዜ መታች። የጠረጴዛ ስፋት ያለው ልስን ተንዶ ወረደ።

ሥሩ ያለው ድንጋይ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። አዲስ ከተፈለጠ ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ መልኩ አንድ ነው። ይሄ ግን አንዱ በጭስ የጠቆረ፣ አንዱ የተወቀረ፣ አንዱ መሃሉ የጎደጎደ የወፍጮ ድንጋይ፣ አንዱ ደግሞ ብዙ እግር ተመላልሶበት የለሰለሰ የበር ደፍ። ሰው ሁሉ ዕቃውን እንደያዘ ቆመ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዘንቢሏን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና የጠቆረውን ድንጋይ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ጣቷን ለሰዎቹ አሳየች። ጥላሸት ነው። የማን ቤት ምድጃ እንደሆነ አንድዬ ይወቅ፤ ግን ጥላሸቱ እዚያው ነበር።

ቀስ በሉ ከቤቱ ሲሮጥ መጣ፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል። «ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ እህቴ! ቅርስ ነው!»

«አዎ፤ እሱን ነው የማሳይህ» አለችው ከላይ ሆና።

ለአፍታ ወደ ላይ፣ ለአፍታ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ፤ ሄዶ የመወጣጫውን እግር በሁለት እጁ ያዘላት፤ ይወዛወዝ ነበርና።

ፖሊሶቹ የመጡት ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ናቸው። «ውረጂ» አሏት። «ይህችን ጫፍ ልጨርስ፤ እንዲሁ ከተውኳት በሰው ላይ ትወድቃለች» አለቻቸው። ወደ ላይ አንጋጠው አዩ፤ እውነቷን ነው። ቆመው ጠበቋት። ጨርሳ ወረደች፤ መሮዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝና እጇን ዘረጋች። ወጣቱ ፖሊስ በካቴና ሊያስራት ሲል ያንን መዳፍ አየና ካቴናውን መልሶ ወገቡ ላይ ሰቀለው። ክሱ በቅርስ ላይ ጉዳት ማድረስ ነው።

እሑድ ልብስ ይዤላት ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንድ ጠባቂ ጋር የጣቢያው ጣሪያ ለምን እንደሚያፈስ ትከራከራለች። እኔን ስታይ ስለራሷ አንድ ነገር አልጠየቀችኝም።

«ግድግዳውን መልሰው ለሰኑት?»

«አልለሰኑትም። ሸራ አለበሱት።»

«ስትገቢ በስተግራ ያለችዋ ደፍ፣ ጫፏ ገና ልስን ውስጥ ነው። እንዳይነኳት ንገሪያቸው።»

«አክስቴ፣ ሊፈርዱብሽ እኮ ይችላሉ!» አልኳት፤ ዕንባዬ መጣ። «ለምን አልነገርሽኝም? አብሬሽ እሆን ነበር።»

«ለዛ ነው ያልነገርኩሽ። አንቺ ብትታሰሪ ሰኞ ማን ያስተምራል?»

ሰኞ ከሰዓት በዋስ ለቀቋት፤ ግድግዳውን በእጇ እንዳትነካ በጽሑፍ አስፈርመው። ወሬው ግን ከፖሊስ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶት ነበር። የአንዲት ተማሪዬ ቅድመ አያት አሉ፤ ዘጠናን አልፈዋል፤ ሰፈሩ «ትልቋ እማማ» ይላቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ትልቋ እማማ ድንጋዩን ማየት እፈልጋለሁ እያሉ ቤቱን አመሱት» አለችኝ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። የኮረብታው ሰፈር ሲፈርስ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት የቅርስ ቢሮው ኃላፊ ራሷ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከእሷ ጋር አንድ የቢሮ ባለሙያ፣ ነጭ ጫማ (ያን ዕለት ጥቁር ጫማ ነው ያደረገው፤ ስሙ ግን አልተቀየረም) እና ያ በአዳራሹ የሳቀው ባለሥልጣን ነበሩ። ሸራው ተገለጠ። ልጆቹ በአያቴ መስኮቶች ተንጠራርተው ያያሉ፤ «ተቀመጡ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ባለሥልጣኑ ቀድሞ ተናገረ። «አሮጌ ድንጋይ መሆኑን እናያለን። አሮጌ ድንጋይ ከየትም ይመጣል። ይህ ማስረጃ አይሆንም።»

ያኔ ትልቋ እማማ በልጅቷ ትከሻ ተደግፈው መጡ። «ደፉ የታለ?» አሉ። ወደ ግድግዳው አቀረብናቸው፤ ደፉ ከደረታቸው ትይዩ ነበር። እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ግን ኃላፊዋ፣

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩ» አለቻቸው። «ሳይነኩት በፊት ይንገሩኝ። የእናንተ ደፍ ምልክት ነበረው?»

አክስቴን አየኋት። ደፉን ትታ እማማን ታያለች።

«ነበረው እንጂ» አሉ እማማ። «አባቴ ማጭዱን የሚስለው ደፉ ላይ ነው፤ ረጅም ቦይ አበጅቶበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አባቴን አይቶ አጠገቡ ቢላ ሲስል አጭር ቦይ ሠራ። በጥፊ ነው ያጮለው! ደፉን አበላሸህ ብሎ። እኔ በአጭሩ ቦይ ውስጥ ጠጠር እደረድር ነበር።»

ሁላችንም ድንጋዩን አየን። ረጅም ቦይ፣ አጠገቡ አጭር ቦይ። ከመስኮቱ አንድ ልጅ «አለ! አለ!» ብሎ ጮኸ።

ባለሥልጣኑ ግን ልቡን አደንድኗል። «ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ከቅዳሜ ጀምሮ በገሃድ የታየ ነገር ነው። ማንም ሊነግራቸው ይችላል።»

እማማ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አሁን ውሸታም ነሽ ነው የምትለኝ? እሺ። ያልታየውን ልንገርህ። የበራችን እግር የሚሽከረከርበት ጉድጓድ አለ፣ በግራ ጫፉ። ሁለት ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያው ሲሰነጠቅ አባቴ ከጎኑ ሌላ ቆፈረ። የተሰነጠቀውን በእርሳስ ደፍኖታል፤ አቅልጦ። እጄ ላይ ጠብ ብሎ አቃጥሎኝ ነበር።» እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንጓቸው ላይ ያለችውን ነጭ ጠባሳ አሳዩ።

የደፉ ግራ ጫፍ ገና በልስን እንደተሸፈነ ነበር። ማንም አላየውም፤ አክስቴም ብትሆን።

«ይውረድ» አለች ኃላፊዋ።

አክስቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደችና ቆመች፤ ፊርማዋ ትዝ አላት። የቢሮው ባለሙያ መሮና መዶሻ ተቀብሎ ቀረበ። መሮውን እንደ ምስማር ቀጥ አድርጎ ያዘው።

«አጋድመው!» አለች አክስቴ ከኋላው። «አጋድመው እንጂ፣ ድንጋዩን ልትበሳው ነው? እንደሱ። አሁን ከጠርዙ። ቀስ ብለህ፤ አትምታው፤ ንገረው ብቻ።» እጆቿን ከኋላዋ ቆልፋ በትከሻዋ ትሠራለች፤ ሰውየው ሲመታ እሷም ትወዛወዛለች። ግንባሩ ላቡን አንቆረቆረ። ልስኑ በትንሽ በትንሹ ረገፈ። አንድ ክብ ጉድጓድ ታየ። ከጎኑ ሌላ፤ ይሄኛው ግን ሞልቷል። ባለሙያው መዶሻውን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው። ግራጫ ሆኖ አንጸባረቀ።

«እርሳስ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ትልቋ እማማ ተጠጉና እጃቸውን አሳረፉበት፤ ከረጅሙ ቦይ ወደ አጭሩ፣ ከአጭሩ ወደ ጉድጓዱ። «አገኘሁሽ» አሉ። አክስቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። በሕይወቴ ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ወንድሟ ሲሞት እንኳ በሰው ፊት አላለቀሰችም። ስትዞር ግን ድምጿ አልተሰበረም።

«ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለስ ካላችሁ እኔ ዝግጁ ነኝ» አለች። «ነገ እንጀምር። ሁሉንም ድንጋይ አውርደን ወደየባለቤቱ እንመልስ፤ ኮረብታው ላይ ሰፈራችንን እንሥራ። ይሄ አይቻልም ካላችሁ ደግሞ ከመሃል አንዱን መልክ መርጣችሁ የመጀመሪያው ነው አትበሉን። የፈረንጆቹን ጊዜ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ ደግሞ ልጆቹን መርጠናል።»

ባለሥልጣኑ ወደ ኃላፊዋ ዞረ፤ ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ትጽፍ ነበር። ነጭ ጫማ ታብሌቱን ብብቱ ሥር ይዞ ግድግዳውን ያያል። ሲሄድ አጠገቤ ቆም ብሎ፣ «የኛም ቤተሰብ ከኮረብታው ነው ይባል ነበር» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ውሳኔው ሲመጣ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ከሕግ ቋንቋው ሥር ያለው ነገር ይህ ነው፤ የሕንፃው የመጀመሪያ ይዞታ በጥናት እስኪረጋገጥ ድረስ የሆቴሉ ዕቅድ ታግዷል፤ ትምህርት ቤቱ ባለበት ይቆያል፤ የወረደው ልስን ተመልሶ አይለሰንም። አክስቴ ላይ የቀረበው ክስ ተነሥቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተተካ። ጥናቱ መቼ እንደሚጀመር አይናገርም። እኛም አልጠየቅንም። ኩባንያው ሌላ አሮጌ ቤት አግኝቷል ሲባል ሰማን፤ የት እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያም መስኮት የሚወድ ሰው እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደስታችን ገና ሳይበርድ ትልቋ እማማ አክስቴን አስጠሯት።

«ድንጋዬን መቼ ነው የምታመጪልኝ?» አሏት።

አክስቴ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። እማማ አልሳቁም።

«ይመለስ ያልሽው አንቺ ነሽ። በሰው ፊት ነው ያልሽው። ሌላው ይቅርበት ካለ ይቅርበት፤ እኔ የራሴን እፈልጋለሁ። ቤት ቀይሬ፣ ባል ቀብሬ፣ ስንት ደፍ ረግጬ ኖሬያለሁ፤ አንዱም የኔ አልነበረም።»

አክስቴ የዚያን ዕለት ራት ላይ፣ «ደፉ አሁን ግንቡን ተሸክሟል፤ ከላዩ ሁለት ፎቅ አለ» አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በአራት ድጋፍ ይወጣል» አለች። እኔ፣ «ማስጠንቀቂያው ገና ቀለሙ አልደረቀም እኮ» አልኳት። መዳፏን ገልብጣ ታይ ነበር፤ ያኔ ገባኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁላት።

ለቅርስ ቢሮው የሚሄደውን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩት፣ እሷ አጻፈችኝ። «እንድትፈቅዱልኝ» ብዬ ብጀምር ሰረዘችው። «‹እንድታውቁት ይሁን› በይ» አለችኝ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የምታወጣውን ድንጋይ ልክ፣ በምትኩ የምታስገባውን አዲስ ድንጋይ ልክ ጻፍን። ቀስ በሉ የትምህርት ቤቱን ማህተም አወጣ፤ ይመታው አይመታው እያለ ለአፍታ አየር ላይ ያዘው፤ ከዚያ መታው፤ ጠረጴዛው እስኪናጋ ድረስ።

ከቢሮው መልስ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰ። አክስቴ ግድግዳውን በአራት ወፋፍራም እንጨት ደግፋ፣ በደፉ ዙሪያ ያለውን ኖራ በቀጭን መሮ ስታወጣ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ጥርስ እንደሚነቀል ቀስ ብሎ ወጣ። አዲሱን በቦታው አስገባች፤ ኖራዋን አጠበቀች፤ በውሃ ልክ አየችው፤ «እሺ» አለች። ስምንት ሆነን ደፉን በሁለት ብረት ላይ አጋድመን ተሸከምን፤ ከስምንቱ አንዱ ያ ካቴናውን የመለሰው ወጣት ፖሊስ ነው፤ መለዮውን አውልቆ ነው የመጣው። መንገዱን ሁሉ «አሳርፉ፣ አንሱ» እያልን ነበር፤ መኪናዎች ቆመው አሳለፉን።

የእማማ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በሩም ጠባብ። ደፉ ከበሩ በሁለት ክንድ ይረዝማል። አክስቴ ለካችው፣ ራሷን አከከች።

«እማማ፣ በሩ አይበቃውም» አለቻቸው።

«እንግዲህ በሩን አስፊው» አሉ ትልቋ እማማ።